ዓሣው ለእነሱ፣ እጥበቱ ለእኔ

ባለቤቴ ጀልባ ለመግዛት ማሰቡን የነገረኝ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከምሠራበት ሆስፒታል ሳን ሊያንድሮ ወዳለው ቤታችን ስመለስ፣ መኪናዬን የማቆምበትን ቦታ አንዲት የአልሙኒየም ጀልባ ይዛዋለች። ተሳቢ ላይ ተጭናለች፤ ከኋላዋ ጥቁር ሞተር ተንጠልጥሏል። ባለቤቴና ጓደኛው ግራና ቀኟ እንደ ሚዜ ቆመዋል።

«የማን ናት?» አልኩ ከመኪናዬ ሳልወርድ።

«የእኛ» አለ ባለቤቴ።

«የእኛ ማለት የእኔና ያንተ?»

ወደ ጓደኛው ዞር አለ። «የእኔና የእሱ። አንቺ ግን በፈለግሽ ጊዜ ትገቢያለሽ።»

ባለቤቴ ሳኒቬል ውስጥ ሶፍትዌር ይፈትሻል። እንጀራው የሌሎችን ስህተት ፈልጎ ማግኘት ነው። ጓደኛው ዲቪ ደርሶት የመጣ፣ እዚሁ አቅራቢያ ዳብሊን የምትባል ከተማ የሚኖር የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆን የተዋወቅነው ቸርች ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ባለቤቴ እስከዚያ ቀን የቀረበው ትልቁ ውሃ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ያየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለስላሳ እየጠጣ ነው። እኔም ብሆን ዋና አልችልም። ልዩነታችን እኔ አለመቻሌን አውቄ ከየብስ አለመራቄ ብቻ ነው።

ሁለቱ ለሳምንታት ቪዲዮ አዩ። ጀልባ ከተሳቢ ላይ እንዴት እንደሚወርድ፣ ገመድ እንዴት እንደሚቋጠር፣ ሃሊበት የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ምን እንደሚበላ አጠኑ። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ የወንበር እግር ላይ ገመድ ሲቋጥር ያመሽና መፍታት ሲያቅተው ወንበሩን ከነገመዱ ይተወዋል። ስለ መውጣት ያላዩት ቪዲዮ አልነበረም። ከባሕር ከተመለሱ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ግን አንድም አላዩም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማለዳ ይወጡና ከሰዓት ይመለሳሉ። ፊታቸው በፀሐይ ተጠብሶ፣ ጫማቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ደስታቸው ግን ከእነሱ ቀድሞ በር ያንኳኳል። ጀልባዋን ከነተሳቢዋ ያቆሟታል፣ ሸራ ያለብሷታል፣ ከዚያ ሶፋ ላይ ወድቀው ያመለጣቸውን ዓሣ በእጃቸው እየለኩ ያሳዩኛል። አንድ ቀን ሸራውን ገልጬ ሳይ ሞተሩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል። የተሳቢው ብሎኖችም ቡናማ ዝገት ማውጣት ጀምረዋል።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ጨው ነው። ምንም አይደለም።»

እኛም ሆስፒታል ውስጥ «ምንም አይደለም» እንላለን። ግን ቢያንስ አይተን ነው።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ ኮል አደረገልኝ። ከጀርባው እንደ ጡሩምባ ያለ ነገር ሳያቋርጥ ይጮኻል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ አትደንግጪ» አለኝ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ሞተሩ ነው። በጣም ግሏል መሰለኝ።»

«ታዲያ አጥፉት!»

«ካጠፋነው በምን እንመለሳለን?»

ይህን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ስህተት ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው የጠየቀኝ። ደግነቱ ጓደኛው መልሴን ሳይጠብቅ አጠፋው። ነፋሱ ቀስ አድርጎ ወደ መሃል ሲወስዳቸው፣ ከእነሱ በምታንስ ጀልባ ብቻቸውን ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ቬትናማዊ አዛውንት አይተዋቸው ቀረቡ። ገመድ ወርውረው ጀልባ እስከሚወርድበት ዳርቻ ድረስ ጎተቷቸው። ሰውዬው ሲለያዩ ሞተሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «አታጥቡትም እንዴ?» ብለው ብቻ ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የባለቤቴ ጓደኛ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ጀልባዋ ይጸለይላት። ለዚህም ጋሼን ለምኖ ቤታችን ይዟቸው መጣ። ጋሼ የምላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከልጃቸው ጋር እዚሁ ሳን ሊያንድሮ የሚኖሩ የጉባኤያችን አባት ናቸው። እኛ የምናውቃቸው ወንበር ሲደረድሩና ማይክራፎን ሲበላሽ ሲጠግኑ ነው። ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጋሼ ሱፋቸውን እንደለበሱ ጀልባዋ ፊት ቆሙ። ባለቤቴና ጓደኛው አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን አልጨፈንኩም፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። ጋሼ ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። ነጩን በጥፍራቸው ፋቁት፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀመሱት። ፊታቸው ጠቆረ።

«አሜን» አለ የባለቤቴ ጓደኛ፣ ዝምታው ሲረዝምበት።

«ገና አልጀመርኩም» አሉ ጋሼ። «ዓይናችሁን ክፈቱ። ጸሎቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ካቻቢቴ አምጡልኝ።»

ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። ካቻቢቴ ማለት ብሎን መፍቻ መሆኑን ረስቶታል። ከኩሽናዬ መሳቢያ እኔ አመጣሁላቸው። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው በባለቤቴ ክንድ ላይ አንጠለጠሉት። እጅጌያቸውን ሰብስበው የሞተሩን ክዳን ከፈቱና ሲፈቱት እንደኖሩ ሰው አንድ አንድ ብሎን እያወጡ በመዳፌ አስያዙኝ። በመጨረሻ ትንሽ የብረት ቁራጭ አወጡ። ቴርሞስታቱ ነው፤ ሲግል ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈው በር። ከዳር እስከ ዳር ጨው ግጥም አድርጎ ዘግቶታል።

«ይህን ልጅ አንቃችሁት ነበር» አሉ።

«ጋሼ፣ ይህን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ምጽዋ። ባሕር ኃይል ነበርኩ እኮ፤ የሞተር ክፍል።» የቀበሌያቸውን ስም እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። «አቼቶ አለሽ?»

አቼቶውን በሻይ ኩባያዬ አመጣሁና ብረቷን ነከሩበት። በኋላ አዲስ ተገዝቶ ተቀየረ፤ ኩባያዬ ግን እስከ ዛሬ ከመሣሪያው ሳጥን አልተመለሰም።

ብረቷ እስክትላቀቅ ሦስታችንንም ደርድረው አስተማሩን። ይህ ሞተር ራሱን የሚያቀዘቅዘው ባሕሩን እየጠጣ ነው አሉ። ከታች ይጠጣል፤ በውስጡ አዙሮ ከኋላ ይተፋዋል። ወደ ቤት ሲመጣ ሆዱ ውስጥ የቀረው ውሃ ይደርቅና ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ንጹሕ ውሃ መጠጣት አለበት። ለዚህም ከእቃ መደብር ሁለት የላስቲክ ኩባያዎች ያሉት ዕቃ አስገዙን። ውርጭ ሲሆን ጆሮ ላይ የሚደረገውን ይመስላል፤ እኛም «ጆሮው» አልነው። ኩባያዎቹ ሞተሩ ውሃ የሚስብባቸውን ቀዳዳዎች ግራና ቀኝ ይገጥማሉ፤ የአትክልት ማጠጫው ጎማ ደግሞ እነሱ ላይ ይታሰራል።

«መጀመሪያ ውሃው፤ ቀጥሎ ሞተሩ» አሉ ጋሼ። «ሲያበቃ ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ውሃው። ደረቁን ካስነሳችሁት ውሃ የሚስበው ፖምፓ ተቃጠለ ማለት ነው። ማርሽ አታስገቡ፤ ከኋላ ከሚሽከረከረው ኤሊካም ራቁ።»

ብረቷን ቦታዋ መልሰው ገጠሙና ሞተሩ ተነሣ። ከኋላው በኩል፣ ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ቀጭን ውሃ እየተወረወረ ሣሩ ላይ መውደቅ ጀመረ።

«ሸና!» አሉ ጋሼ ጮክ ብለው። ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ። «ይቅርታ ልጄ። እኛ እንደዚያ ነበር የምንለው።»

«ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፤ እኔም ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የምከታተለው እሱኑ ነው።»

በዚያች ደቂቃ ዕጣዬ ወጣ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የበሽተኛ ክንድ ላይ የተሰካች ቀጭን ቱቦ እንዳትዘጋ በየሰዓቱ የማጥብ ሰው ነኝ፤ ልዩነቱ እኛ የምናጥበው በጨው ውሃ መሆኑ ነው። ባለቤቴም ትምህርቱን በራሱ መንገድ ተቀብሎ በሳምንቱ ዐሥራ አራት ተራ ቁጥር ያለው ቼክሊስት አትሞ አመጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ውሃ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«ሰባተኛው ላይ፣ ጋሼ።»

«እስከዚያ ሞተሩ ይጠብቃችኋል?» ብለው ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ሥራው እንዲህ ተከፈለ። ሁለቱ ወንዶች ዓሣ ይዘውም ሳይዙም ይመለሳሉ፤ ደክሟቸዋል ተብሎ ይገባሉ። እኔና ጋሼ እናጥባለን። መጀመሪያ ላይ ተቆጥቼ ነበር። «ማጥመዱ ያንተ፣ ማጠቡ የእኔ የሆነው በየትኛው ቼክሊስት ነው?» ብዬዋለሁ ባለቤቴን። ነገር ግን ሁለት ሦስት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ከሰዓት በኋላውን መናፈቅ ጀመርኩ። ለባለቤቴ ግን አልነገርኩትም፤ አንዳንድ ቅሬታ ትዳር ውስጥ ተቀማጭ ሆኖ ቢቆይ ይጠቅማል።

ጋሼ ጀልባዋ ከመድረሷ በፊት በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። ሞተሩ ውሃውን ሲጠጣ እኛ ወደ ተሳቢው እንዞራለን። «ሁሉም ሞተሩን ያያል፤ ይሄ ምስኪን ግን ከነጎማው ባሕር ገብቶ መውጣቱን የሚያስታውስለት የለም» ይላሉ። ክብደቱን በሚሸከመው የባሌስትራ ብረት ንብርብር መሃል የውሃውን ጎማ አስጠግተው ያጥባሉ፤ ፍሬኑን፣ መብራቶቹን፣ ኩሽኔታው ያለበትን የጎማ መሃል ያጥባሉ። የተሳቢው ብረት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከፊት ባለው ቀዳዳ ውሃ ለቀን ከኋላ ጥርት ብሎ እስኪወጣ እንጠብቃለን። አንድ ቀን ከውሃው ጋር ጥፍር የምታህል ሸርጣን ወጣችና ቀጥ ብላ ወደ ጋሼ ጫማ ሮጠች። ባሕር ኃይሉ ወደ ኋላ ሲዘሉ አየሁ። ሸርጣኗን በሻይ ማንኪያ አንሥቼ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ፣ ባለቤቴን ከሶፋው ቀስቅሼ ወደ ባሕሩ እንዲመልሳት ላክሁት። እያጉረመረመ ወሰዳት።

እኔም ያለ ጥፋት አላለፍኩም። አንድ ቅዳሜ «ጆሮው»ን አጥብቄ ሳልገጥመው ውሃውን ከፈትኩት። አንደኛው ኩባያ ተፈናጥሮ ጋሼን ከአንገታቸው እስከ ቀበቷቸው አራሳቸው። ከሠርግ የመጡ ስለነበሩ ሱፍ ለብሰዋል። መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ ከባሕር አልመጣሁም» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ ያሉ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ቀን እጃቸውን አጣጥፈው መጡ። በዚህ ድርቅ ውሃ እንዲህ ወደ መንገድ ይፈስሳል ወይ ነው ነገሩ። እኔ ለማስረዳት ቃል ስፈልግ ጋሼ ኮፍያቸውን አነሡና «ቴን ሚኒት፣ ማዳም። ሞተር ድሪንክ። ፊኒሽ» አሏቸው። ሴትዮዋ መንገዱንና ሣሩን አዩ። ከዚያ ውሃው ሣሩ ላይ ቢፈስስ እንደሚሻል፣ እኛም ተሳቢውን ወደዚያ ብንጠጋ እንደሚያመቸን ነገሩን። ልክ ነበሩ። በቀጣዩ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ዐሥር ደቂቃው እንዳለፈ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጋሼም ሞተሩን አጠፉ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ቃል ሳይለዋወጡ እንደዚሁ ተግባቡ።

ባለቤቴና ጓደኛው ጋሼን ወደ ባሕር ይዘው ለመውጣት ያልለመኑበት ሳምንት የለም። ጋሼ አንድ ቀን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንድ ቀን ነፋስ አለ፤ አንድ ቀን የጸሎት ፕሮግራም ነው። እምቢታቸው ሲደጋገም ሁለቱ ወንዶች ኩሽና ውስጥ ምክር ያዙ።

«ያ ዘመን የሆነ ነገር አድርሶባቸዋል» አለ የባለቤቴ ጓደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትራውማ አለባቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ባሉበት ስለ ባሕር ማውራት አቆሙ። ስለ ሞተሩ እንኳ የሚያወሩት አንገታቸውን ደፍተው ሆነ። እኔም ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቅዳሜ የውሃውን ጎማ ይዤ ቀጥታ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ባሕሩን የሚሸሹት ክፉ ነገር አይተውበት ነው?»

ግራና ቀኝ አዩ። «ለማንም አትናገሪም?»

«የበሽተኛ ምስጢር እጠብቃለሁ።»

«ያስመልሰኛል።»

«ምን?»

«ባሕሩ ነዋ! ገና ከወደቡ ሳንወጣ ይጀምረኛል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው አለቃዬ ‹አንተ ወርክሾፕ ቆይ› አለኝ። ሌሎቹ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ሞተሩን እኔ አጥባለሁ። በቃ፣ ባሕር ኃይልነቴ እሱ ነው።» ቀጥለውም፤ «ለልጄም አልነገርኳትም። የባሕር ሰው ነው ብላ ነው የምታወራው።»

ሳቄን ለመያዝ ወደ ባሌስትራው ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እሳቸውም እየሳቁ ነው። ሳቃችን ሲበርድ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዘርዝረው ነገሩኝ። እኔም ከፋርማሲስት ጋር ተማክሬ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ለጉዞ ማቅለሽለሽ የሚሆን ክኒን አመጣሁላቸው። ደግሞም መሃል ባሕር መውጣት ግድ አይደለም አልኳቸው፤ በኦክላንድና በአላሜዳ መሃል የሚያልፈው ሰርጥ ማዕበል አያውቀውም።

«አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺም አንድ ቀን ገብተሽ አላየሁሽም።»

«እርስዎ ከገቡ እገባለሁ።»

ይህን ያልኩት አይገቡም ብዬ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ማለዳ አራታችንም የሕይወት ማዳኛ ጃኬታችንን አጥብቀን ሰርጡ ላይ ነን። ጓደኛው ይነዳል። ባለቤቴ ደስታው ልክ አጥቷል፤ ጋሼ ከሕመማቸው ሊፈወሱ ነው ብሎ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸዋል። እኔ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በሁለት እጄ ይዤ ውሃው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ላለማሰብ እሞክራለሁ። የወደቡ ክሬኖች ከራሳችን በላይ እንደ ቀጭኔ ቆመዋል። ኮንቴይነር የጫነ መርከብ አጠገብ ስናልፍ ጀልባችን የሳሙና ሳሕን አከለች። ጋሼ መርከቡንም ክሬኑንም አላዩም። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከሞተሩ የሚወረወረውን ቀጭን ውሃ ብቻ ይመለከታሉ።

«ደህና ነዎት?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ይሸናል» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ጀልባ በፍጥነት አልፎን ሄደ። የፈጠረው ሞገድ መጥቶ አነሣን፤ አወረደን፤ ደግሞ አነሣን። ዓይኔን ከጋሼ ሳልነቅል ያዘጋጀሁትን የፕላስቲክ ከረጢት ከኪሴ አወጣሁ። ጋሼ ምንም አልሆኑም። ከጀርባዬ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ባለቤቴ ስልኩን ጥሎ፣ መልኩ የአቮካዶ ሥጋ መስሎ፣ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲቀርጽ ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሎ ነበርና ሞገዱ ያገኘው እሱን ነው። ከረጢቱ አልደረሰለትም።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ጀርባውን እየመቱ «አይዞህ ልጄ። በእኛም የደረሰ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሁሌም ቦታ አለ» አሉት። ከዚያ ታሪካቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አለቃቸውንም ወርክሾፑንም ሳይደብቁ፣ ራሳቸው ነገሩት። ያለቀሰ ቢኖር በሳቅ ነው። ጓደኛው መሪውን እስኪለቅ ሳቀ፤ ያኔ ብቻ ነው እኔ የጮኽኩት።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ወደ ሶፋው አልሄደም። የውሃውን ጎማ እኔ ሳልነግረው አነሣ። አዝኖልኝ ሳይሆን መሬት ላይ መቆሙ ደስ ብሎት ነው፤ ቢሆንም በደንብ አጠበ፤ የባሌስትራውን ንብርብር እንኳ አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ወደ ባሕር የሚወጡት ጋሼና የባለቤቴ ጓደኛ ሆነዋል። ባለቤቴ ሲፈልግ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከእኔ ጋር ቀርቶ ይጠብቃቸዋል።

ባለፈው ሰሞን የጋሼ ልጅ ደወለችልኝ። ተቆጥታለች።

«አባቴን ምን አድርጋችሁት ነው? ቅዳሜ የዶክተር ቀጠሮ ይዤለት አልሄድም አለኝ። ባሕሩ የሚረጋው ቅዳሜ ነው ይለኛል!»

አነጋግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። አነጋገርኳቸውም። የነርስነት ቁጣዬን ሁሉ አወጣሁ፤ የደም ግፊት ቀልድ አይደለም አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ተስማሙ።

«እሺ፣ ማክሰኞ ያድርጉልኝ» አሉ። «ማክሰኞ ነፋስ አለ።»